የጠቆረው ብር፦ የፈረንሳይ መኳንንት አርማዎችን የማደስ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፤ ርክክብ

ዛሬ የተረከብነው ማኅደር 22 ቅጠሎች ይዟል። አብዛኞቹ በመዳብ ሰሌዳ ታትመው ኋላ በእጅ ቀለም የተቀቡ የፈረንሳይ መኳንንት ቤተሰብ አርማዎች ናቸው። ጥቂቶቹ ኅትመት የለባቸውም፤ ከዳር እስከ ዳር በብሩሽ የተሣሉ ናቸው። አንዱ ደግሞ ወረቀት ሳይሆን ብራና ነው። ያመጡልን እዚሁ ሊዮን የሚኖሩ አዛውንት ወይዘሮ ሲሆኑ ማኅደሩን ከአባታቸው ነው የወረሱት። የጠየቁን ሁለት ነገር ነበር፦ እያንዳንዱ አርማ የማን ቤት እንደሆነ እንዲታወቅ፣ ከዚያም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ለመሰቀል እንዲበቃ። ሊወጡ ሲሉ ሦስተኛ ጨመሩ፦ «እነዚያን የጠቋቆሩትን ደግሞ አደራ፣ አጽዱልኝ።»

እኔን የያዘኝ ይህ ሦስተኛው ነው። በአርማ ጥበብ ጥቁር ራሱን የቻለ ቀለም ነው። አርማው የሚሣለው በጋሻ ቅርጽ ላይ ነው፤ ሲሣልም ጥቁር የነበረ ጋሻ አለ፤ ጊዜ ያጠቆረው ጋሻም አለ። ሁለቱን ሳይለዩ እጅ ማሳረፍ የአንዱን ቤት አርማ ለሌላው ቤት መስጠት ነው። ስለዚህ ከአለቃዬ ጋር የተስማማንበት የሥራ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ መመርመር፣ ውሃና ሙጫ በመጨረሻ።

ማክሰኞ፤ መስመሮቹን ማንበብ

ሙሉ ቀን ከማጉያ መነጽር አልተነሣሁም። አርማ የሚሠራባቸው ቀለሞች ጥቂት ናቸው። ወርቅና ብር «ማዕድን» ይባላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ «ቀለም» ይባላሉ። ከእነዚህ ሌላ የእንስሳ ቆዳን የሚመስሉ ሁለት ዋና ዋና ጥለቶች አሉ። ችግሩ አታሚው እጅ ላይ ጥቁር ቀለም ብቻ መኖሩ ነበር። በጥቁር ቀለም ብቻ ቀዩን ከሰማያዊው እንዴት ይለዩታል? መልሱ መስመር ነው። የዝቅተኞቹ አገሮች (የዛሬዎቹ ኔዘርላንድና ቤልጂየም) ቀራጮች፣ ማለትም የመዳብ ሰሌዳ የሚቀርጹ ባለሙያዎች፣ ቀድመው ሞክረውት ነበር፤ በመላው አውሮፓ የጸናው ግን ኢየሱሳዊው ካህን ሲልቬስትሮ ፒየትራሳንታ በ1638 ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ሥርዓት ነው። በዓመቱ ፓሪስ ላይ ቩልሶን ደ ላ ኮሎምቢዬር ለፈረንሳዮቹ አቀረበው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ወርቅ በነጠብጣብ ይሞላል። ብር ባዶ ይተዋል። ቀይ ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ መስመሮች ይገለጻል፤ ሰማያዊ በአግድም መስመሮች። ጥቁር ሁለቱ ተጠላልፈው መረብ ሲሠሩ ነው። አረንጓዴና ሐምራዊ ሁለቱም ሰያፍ ናቸው፤ የሚለያዩት በአቅጣጫ ብቻ ነው። አረንጓዴው ከተመልካቹ ግራ ከላይ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳል፤ ሐምራዊው ተቃራኒው ነው። በነገራችን ላይ በዚህ ሙያ ቀኝና ግራ የሚባለው ከተመልካቹ ሳይሆን ጋሻውን ከኋላ ከያዘው ሰው አንጻር ነው፤ የድሮ ጽሑፍ ስናነብ ይህን ካልያዝን ሁሉም ነገር ይገለበጣል።

ለእኔ ሥራ የዚህ ጥቅም ትልቅ ነው። ቀለሙ ቢደበዝዝ፣ ቢለወጥ፣ ቢላላጥ፣ ከሥሩ ያለው መስመር በማተሚያ ቀለም የተጻፈ ስለሆነ አይለወጥም። የቀራጩ ምስክርነት ከቀቢው ምስክርነት ሥር ተቀብሮ ይጠብቀኛል። በአሥር እጥፍ ማጉያ ስመለከት ቀዩ በሳሳበት ቦታ ሁሉ ቀጫጭን ቁም መስመሮች ይታያሉ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ቅጠሎቹን በብርሃን ጠረጴዛ ላይ አድርጌም አየኋቸው። ወረቀቱ በሽቦ ወንፊት የተሠራ የድሮ ወረቀት ነው፤ የወንፊቱ ሽቦዎች ጥሩ ሆነው ይታያሉ። ኅትመት ባላቸው ላይ የመዳብ ሰሌዳው ጠርዝ በወረቀቱ ላይ ጥሎት ያለፈው ጠርዛማ ጉድጓድ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ረቡዕ፤ የቀለሉት

የሞንሞራንሲ ቤት አርማ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። የወርቅ መደብ (የጋሻው ወለል)፣ ቀይ መስቀል፣ በአራቱም ማዕዘን አራት አራት ሆነው 16 ሰማያዊ ንስሮች፤ ምንቃርም እግርም የላቸውም። በቤተሰቡ ወግ ንስሮቹ ቀድሞ 4 ነበሩ፤ ማትዩ ደ ሞንሞራንሲ በ1214 በቡቪን ጦርነት 12 የጠላት ሰንደቆች ስለማረከ 12 ተጨመሩለት ይባላል። ወርቁ ዛሬም ያበራል። በጊዜው ሠዓሊዎች የወርቅ ቅጠል ፈጭተው ከግራር ሙጫ ጋር ለውሰው በዛጎል ውስጥ ያስቀምጡት ነበር፤ በብሩሽ ይቀቡታል። ወርቅ ከአየር ጋር ጠብ የለውም፤ ለዚህም ነው የወርቁ ቅጠሎች በሙሉ ደህና የሆኑት።

ሮዋንም እንዲሁ፦ ቀይ መደብ፣ በላዩ መሃላቸው ክፍት የሆኑ 9 የወርቅ አልማዝ ቅርጾች፣ ሦስት በሦስት ተደርድረው። አቧራ ብቻ ነበረበት።

ሁለቱን በለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያም ጥላሸት በሚያነሣው የጎማ ስፖንጅ ከቀለም ውጭ ያለውን ኅዳግ ብቻ አጸዳሁ። ይህ ስፖንጅ ድኝ ያለበት ጎማ ነው። ብር ባለባቸው ቅጠሎች አጠገብ አይደርስም፤ ድኝ የብር ጠላት ነው። ለእነዚያ ድኝ የሌለበትን የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ለይቼ በሌላ ሣጥን አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀላቀሉም ቀለም ቀብቻቸዋለሁ።

ሐሙስ፤ ቡናማዎቹ ንስሮች

ላ ትሬሙዊ። መሆን ያለበት የወርቅ መደብ፣ ቀይ ሼቭሮን (እንደ ጣሪያ ጫፍ ወደ ላይ የሾለ ጥብጣብ)፣ ሦስት ሰማያዊ ንስሮች ምንቃርና እግራቸው ቀይ ሆኖ ነው። ፊቴ ያለው ቅጠል ላይ ግን ንስሮቹ ቡናማ ናቸው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ። በአርማ ሕግ ቡናማ የሚባል ንስር በዚህ ዓይነት ጋሻ ላይ ቦታ የለውም። ማጉያውን ሳቀርብ በክንፎቹ ውስጥ አግድም መስመሮች አገኘሁ። ቀራጩ ሰማያዊ ነው ያለው።

ታዲያ ሰማያዊው የት ሄደ? ቅጠሉ ቀድሞ በሌላ እጅ ታጥቦ፣ ከካርቶን ላይ ተለጥፎ እንደነበር ጀርባው ይናገራል። ከታችኛው ንስር ጅራት ጫፍ ላይ፣ አንድ የድሮ የወረቀት ክር ተለጥፎበት በቆየ ቦታ፣ ጥልቅ ሰማያዊ ተርፏል። ከእዚያ ልትወድቅ የደረሰች ቅንጣት በመርፌ ጫፍ አንሥቼ መስታወት ላይ አደረግኋትና አንዲት ጠብታ የሶዳ ውሁድ ነካኋት። በማይክሮስኮፕ ሥር ሰማያዊዋ ወዲያው ቡናማ ሆነች። የፕሩሲያ ሰማያዊ ነው ማለት ነው፤ ይህን ጠባይ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የፕሩሲያ ሰማያዊ በርሊን ውስጥ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ከ1704 እስከ 1706 ባለው ጊዜ ስለሆነ ቀለሙ የተቀባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኅትመቱ የቱንም ያህል ቀድሞ ቢታተም። ሁለተኛው ለእጄ የሚበጅ ነው። እኛ ወረቀት አዳሾች የወረቀትን አሲድ ለማርገብ ካልሲየም ያለበት ውሃ እንወዳለን። ይህ ውሃ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ እዚህ ማኅደር ላይ ሰማያዊ ያለበትን ቅጠል ሁሉ ያጠፋል፤ የላ ትሬሙዊን ንስሮች ያጠፋውም የዚያ ዓይነት እጥበት መሆኑን የጀርባው ሁኔታ ያሳምነኛል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደንብ አወጣን፦ ማንኛውም ሰማያዊ ቅጠል በአልካላይን ውሃ አይነካም።

ንስሮቹን መልሼ ሰማያዊ አልቀባቸውም። ቅጠሉ ያለፈበት ታሪክ ነው። መግለጫው ላይ ሰማያዊ ብለን እንጽፋለን፣ ለምን ቡናማ እንደሚታዩም እንጽፋለን።

ዓርብ፤ አረንጓዴው

ማዪ፦ የወርቅ መደብ ላይ ሦስት አረንጓዴ መዶሻዎች። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን የመዶሻዎቹ ውስጥ መስመሮች ከተመልካቹ ቀኝ ወደ ግራ ይወርዳሉ፤ ያ ደግሞ ሐምራዊ ነው።

ትናንት መስመሩን አምነን ቀለሙን አረምን፤ ዛሬ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ሰበቡ የቀረጻው አሠራር ነው። የመዳብ ሰሌዳ ሲታተም ይገለበጣል፤ ቀራጩ ሁሉንም ነገር ግራውን ቀኝ አድርጎ መቅረጽ አለበት። መዶሻው ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ስለሆነ ቢገለበጥ አያስታውቅም፤ መስመሩ ግን ሲገለበጥ ቀለም ይቀይራል። ሐምራዊ በፈረንሳይ አርማዎች ብርቅ ነው፤ የቤተሰቡ የተጻፈ መግለጫም አረንጓዴ ይላል። ቀቢው ትክክል ነበር። ይህ ልዩነት እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ የማዪ ታናናሽ ቅርንጫፎች ከበኩሩ ለመለየት የመዶሻዎቹን ቀለም እየለወጡ ይይዙ ነበርና ቀለሙን የሳተ ሰው ቅርንጫፉንም ይስታል።

አረንጓዴው ከመዳብ ዝገት የተሠራ ነው። መዳቡ ባለፉት ዘመናት ወረቀቱን ከሥሩ በልቶታል፤ ከጀርባ ሦስቱ መዶሻዎች ቡናማ ሆነው ጥርት ብለው ይታያሉ፤ አንደኛው እጀታው ላይ ተሰንጥቋል። እርጥበት መዳቡን ያንቀሳቅሰዋል፣ ወደ ጤናማው ወረቀትም ይወስደዋል። ስለዚህ የተለመደው የስንዴ ስታርች ሙጫ ቀረ። በምትኩ በጣም ሥሥ የሆነ የጃፓን ወረቀት አስቀድሜ ጄላቲን ቀብቼ አደረቅሁ፤ ከዚያ በስንጥቁ ልክ ቀድጄ፣ ጄላቲኑ እስኪላወስ ብቻ በትንሹ አርጥቤ፣ ከጀርባ ለጠፍኩት። መቀስ አልተጠቀምኩም፤ በእጅ የተቀደደ ጠርዝ ቃጫውን ወደ ወረቀቱ ያስገባል፣ በፊት በኩልም አይታወቅም። ከላዩ መምጠጫ ወረቀትና ክብደት ጭኜ ሄድኩ።

ሁለተኛው ሰኞ፤ ብራናው

ወይዘሮዋ ዛሬ ስልክ ደውለው ነበር። ብራናውን ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ነው፤ ከላይ በቀለም የተሣለ ጋሻ፣ ከሥሩ ከፊሉ የታተመ ከፊሉ በእጅ የተሞላ ጽሑፍ፣ ከታች የአርማ መዝገቡ ኃላፊ የዶዚዬ ስም። የቅድመ አያቶች የመኳንንትነት ማስረጃ አድርገው ነው ያዩት የነበረው።

እውነቱን ነገርኳቸው። በኅዳር 1696 ሉዊ 14ኛ አዋጅ አወጣ። ከ1688 ጀምሮ የሚዋጋው ጦርነት ግምጃ ቤቱን አራቁቶት ነበር። አዋጁ አርማ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ ለምዝገባም ይክፈል ይላል፤ ለአንድ ግለሰብ 20 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ)። መዝገቡን የመራው የንጉሡ የአርማ ዳኛ ሻርል-ሬኔ ዶዚዬ ነው። ከ110,000 በላይ አርማ ተመዘገበ፤ የሚበዙት መኳንንት አይደሉም። ነጋዴ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ቄስ አለ፣ ገዳም አለ፣ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። አርማ ያላቀረበውን ደግሞ ሹማምንቱ ራሳቸው ፈጥረው ሰጡት፣ አስከፈሉትም። ያ መዝገብ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፦ 34 የጽሑፍ ጥራዝና 35 አርማዎቹ በቀለም የተሣሉበት ጥራዝ። የወይዘሮዋ ብራና ለከፈለ ሰው የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ነው፤ ስሙ የተጻፈውም ነጋዴ ነው።

«እንግዲህ መኳንንት አይደሉም ማለት ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ቀዝቅዞ።

«እርስዎ ይህን ቅጠል አያሳንሱት» አልኳቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ጋሻ መያዝ ለመኳንንት ብቻ የተከለለ አልነበረም፤ የዘውድና የራስ ቁር ጌጡ ነበር ማዕረግ የሚፈልገው። ይህ ነጋዴም ጋሻውን የያዘው ያለ ዘውድ ነው፣ እንደ ደንቡ። ከማኅደሩ ሁሉ አንድ የታወቀ ሰው በታወቀ ቀን የተቀበለው ቅጠል ቢኖር ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሥዕል ናቸው፣ ይህ ሰነድ ነው። እኔ በበኩሌ የምመርጠው እሱን ነው።

ሥራው ራሱ አጭር ነበር። ብራናው ከሙቀት ተኮማትሮ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። ብራና ውሃ አይወድም፤ ተን ግን ይታዘዛል። እርጥብ ጨርቅ ከሥር፣ ተን ብቻ የሚያሳልፍ ጎርቴክስ ከላዩ፣ ከእሱ በላይ ብራናው፤ ሲለሰልስ ዙሪያውን በቅንጥብ ይዤ ቀስ ብዬ ወጠርኩት። ጽሑፉ ከብረት በተሠራ ጥቁር ቀለም የተጻፈ ስለሆነ አንድም ጠብታ እንዳይነካው ተጠንቅቄያለሁ።

ረቡዕ፤ እባብ፣ እንሽላሊት፣ ሽኮኮ

በማኅደሩ ውስጥ ሦስት ቅጠሎች ተከታትለው ይገኛሉ፤ የአባትየው አደራደር ይመስለኛል፣ ታሪክ የሚያውቅ ሰው አደራደር ነው። ኮልቤር፦ በወርቅ መደብ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰማያዊ እባብ። ሌ ቴልዬ፦ ሰማያዊ መደብ፣ ሦስት የብር እንሽላሊቶች፣ ከላይ ቀይ ግንባር (የጋሻው የላይኛ ክፍል) ላይ ሦስት የወርቅ ኮከቦች። ፉኬ፦ በብር መደብ ላይ ቀይ ሽኮኮ። የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሹም ኒኮላ ፉኬ በመስከረም 1661 ናንት ላይ ሲያዝ፣ ውድቀቱን ከሸረቡት ዋነኛው ሌላው የንጉሡ ሹም ኮልቤር ነው፤ ሌ ቴልዬም ከእሱ ጋር ነበር። ሽኮኮው በእባብና በእንሽላሊት ተከቦ ነው የወደቀው። ኮልቤር ራሱ የሬምስ ነጋዴዎች ልጅ ነው፤ ይህን ለወይዘሮዋ እነግራቸዋለሁ፣ ስለ ብራናው ያጽናናቸዋል።

ለሥራዬ ግን ሁለት ነገር ከእነዚህ ተማርኩ።

የአርማ ጥበብ ዋናው ሕግ ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይደረግም የሚል ነው። ምክንያቱ ከሩቅ መለየት ነው፤ ቀይ በሰማያዊ ላይ በጦር ሜዳ አቧራ ውስጥ አይታይም፣ ቀይ በብር ላይ ይታያል። የሌ ቴልዬ ቀይ ግንባር ግን ሰማያዊ መደብ ላይ ተቀምጧል። ፈረንሳዮች ለዚህ መውጫ አላቸው፤ ግንባሩ በመደቡ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ከጎኑ «የተሰፋ» ነው ይላሉ፣ ያልፋል። ስለዚህ ሕጉ ተጥሶ ባየሁ ቁጥር ቀለሙ ተለውጧል ብዬ መደምደም አልችልም። ሕጉ ጥርጣሬ ይሰጠኛል፤ ማስረጃ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ፉኬ ነው። መደቡ ጥቁር ነው፣ ሽኮኮው ቀይ። ቅጠሉ ኅትመት ስለሆነ መስመሩን ፈለግሁ፤ በጥቁሩ ውስጥ አንድም መስመር የለም። ባዶ፣ ማለትም ብር። ጥቁር መሆን ቢኖርበት መረብ ይኖረው ነበር። እንግዲህ የጠቆረ ብር ምን እንደሚመስል የሚያሳይ፣ ቀራጩ ራሱ የመሰከረለት ናሙና እጄ ገባ። በማይክሮስኮፕ በደንብ አጠናሁት። ጥቁሩ ለጥ ያለ አይደለም፤ ሐምራዊና ቡናማ የሚያንጸባርቅ ነገር አለበት። ጠርዙ ላይ ወረቀቱ ቡናማ ጥላ አውጥቷል። ከጥላሸት የተሠራ እውነተኛ ጥቁር ይህን አያደርግም፤ ድፍን ነው፣ ከጠርዙ አያልፍም። ጠቁሮ የሚታይ ሌላ ቀለም የእርሳስ ነጭ ነው፤ እሱ ግን የብረት ብልጭታ የለውም፣ ሲጫርም ከሥሩ ነጭ ይወጣል።

ሐሙስ፤ ቀይ በጥቁር ላይ

ይህን ቅጠል ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆይቼው ነበር። ኅትመት የለበትም፤ በሙሉ በብሩሽ የተሣለ ነው። ጥቁር መደብ፣ ሦስት ቀይ ሼቭሮኖች። ከላይ ቀይ የካርዲናል ባርኔጣ፣ ዘርፎቹ በግራና በቀኝ ተንዠርግገው። ከጋሻው በላይ የዱክ (የመስፍን) ዘውድ። ዙሪያውን የፈረንሳይ ነገሥታት ይሰጡት የነበረው የመንፈስ ቅዱስ ኒሻን ሰማያዊ ሪባን። ጀርባው ላይ አንድ ሰው በእርሳስ «ጥቁር መደብ፣ ሦስት ቀይ ሼቭሮን» ብሎ በፈረንሳይኛ ጽፏል፤ የቤተሰቡን ስም ግን አላገኘም፣ ቦታውን በጥያቄ ምልክት ትቶታል። በጥቁር መደብ ለፈለገ ሰው አለመገኘቱ አያስገርምም።

ቀይ በጥቁር ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ ነው። ጥርጣሬው እዚያ ጀመረ፤ ትናንት ለራሴ ባስቀመጥኩት ደንብ ግን ጥርጣሬ አይበቃም። መስመር የለውምና የቀራጭ ምስክር የለኝም። የኤክስ ሬይ መመርመሪያ መሣሪያ ቢኖረን በደቂቃ ይለይ ነበር፤ ወርክሾፓችን ግን የለውም።

መጀመሪያ ጠርዙን አየሁ። ጥቁሩ ከወረቀቱ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ቡናማ ጥላ አለ፣ እንደ ፉኬው። ቀጥሎ በማኅደሩ ውስጥ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ የነበረውን ቅጠል አወጣሁ። በዚያ ቅጠል ጀርባ ላይ፣ በጎን ብርሃን ሲታይ፣ ግራጫ የጋሻ ቅርጽ አለ፤ በውስጡ ሦስት ንጹሕ ሼቭሮኖች ባዶ ሆነው ይታያሉ። ዱካውን የተወው መደቡ ነው፤ ቀዩ ምንም አልተወም። ጥላሸት በወረቀት ላይ እንዲህ አይሻገርም፤ የጠቆረ ብር ግን ይሻገራል።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ከመካከለኛው ሼቭሮን የግራ እግር ላይ ቀዩ ተሰንጥቆ አንዲት ቅንጣት ተነሥታለች፤ ስፋቷ የጤፍ ፍሬ አትሞላም። ሠዓሊው መደቡን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ቀብቶ ሼቭሮኖቹን በላዩ ነው ያወጣው። ስለዚህ ቀዩ ከሥሩ ያለውን ከአየር ጠብቆታል። መብራቱን ከጎን አድርጌ ማይክሮስኮፑን ወደ ስንጥቋ አወረድኩ። ከሥሯ ነጭ ብርሃን መለሰልኝ። ብር ነው፤ የተቀባ ቀን እንደነበረው ሆኖ።

አለቃዬን ጠራኋት። ዝም ብላ ለረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ «ጻፈው» አለች።

መደቡ ብር ከሆነ አርማው ሦስት ቀይ ሼቭሮኖች በብር ላይ ነው። ይህን ጋሻ የያዘ ቤት ከአንድ በላይ ነው፤ ለይቶ የሚነግረን ከጋሻው ውጭ ያለው ጌጥ ነው። የካርዲናል ባርኔጣ፣ የዱክ ዘውድና የመንፈስ ቅዱስ ኒሻን በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ሰውየው አርማን ዱ ፕሌሲ ነው፤ የሉዊ 13ኛ ዋና ሚኒስትር የነበረው ካርዲናል ሪሽልዬ። በ1622 ካርዲናል ሆነ፣ በ1631 ዱክ፣ በ1633 ኒሻኑን ተቀበለ፣ በ1642 ሞተ። የዱክነት ማዕረጉንና አርማውን የወረሰው የእኅቱ የልጅ ልጅ ባርኔጣ አልነበረውም። ስለዚህ አርማው የሚያመለክተው ካርዲናሉን ራሱን ነው፤ ከ1633 በኋላ የነበረበትን ማዕረግም ያሳያል። ሥዕሉ የተሠራው በሕይወቱ ሳለ ነው ወይስ ለመታሰቢያው የሚለውን ጋሻው አይመልስም፤ መግለጫው ላይም ከጋሻው በላይ አንናገርም።

የተነሣችውን ቅንጣት ጫፉ ጄላቲን በነካ የድመት ፀጉር ብሩሽ መልሼ አጣበቅኋት። ስንጥቋ ተዘግታለች፤ ብሩም ከሥሯ ተጠብቆ ይኖራል።

ቅዳሜ ጠዋት፤ ወይዘሮዋ መጡ

የሪሽልዬ መሆኑን ሲሰሙ ተቀመጡ። ቀጥሎ ግን የጠበቅሁት መጣ። «ብር ከሆነ ታዲያ ለምን አይጸዳም? የእናቴን የብር ማንኪያዎች በየገናው እኔው ራሴ አበራቸዋለሁ።»

ማንኪያ ውስጡም ብር ነው፤ ጥቂት ቢፋቅ አይጎዳም። ይህ ግን በግራር ሙጫ የተያዘ የብር ዱቄት ነው፣ ውፍረቱ ከሰው ፀጉር ያንሳል። ጥቁሩ በብሩ ላይ የተቀመጠ እድፍ አይደለም፤ ከአየሩ ድኝ ጋር ተዋሕዶ የተለወጠው ብሩ ራሱ ነው። ቢፋቅ ከሥሩ የሚገኘው ወረቀት ነው። ፈሳሽ ማጽጃ ቢነካው ደግሞ ሙጫው ይለቅና ቀዩም አብሮ ይሄዳል። ይህን ከምነግራቸው ይልቅ የፉኬን ቅጠል ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ አሳየኋቸው። ጥቁሩ ባለቀበት ጠርዝ ላይ ባዶ ወረቀት ሲያዩ ገባቸው።

«እሺ፣ አይነካ» አሉ። «ግን ሳሎኔስ?»

መፍትሔው ቅጂ ነው። ለግድግዳው የሪሽልዬን አርማ በሠዓሊው አሠራር አዲስ እሣላለሁ፤ በብር ፈንታ በፓላዲየም ቅጠል። ፓላዲየም ብርን ይመስላል፣ አይጠቁርም። ዋናዎቹ በሣጥን ይቀመጣሉ። በዚህ ተስማማን፤ ብራናውንም አብሬ እንድቀዳላቸው ጠየቁኝ፣ የነጋዴውን።

ሦስተኛው ሳምንት፤ ቅጂው

ባለ 300 ግራም የጥጥ ወረቀት። ንድፉን በጠንካራ እርሳስ አወጣሁ፤ የሼቭሮኖቹን ማዕዘን ከዋናው ላይ ለካሁ፣ ሠዓሊው ከላይኛው ወደ ታችኛው በጥቂቱ እያጠበባቸው ነው የወረደው። ይህን ጠብቄዋለሁ፤ በማስመሪያ ቢስተካከል ጋሻው ይሞታል። መደቡ ላይ የቅጠል ማጣበቂያ ቀባሁ፣ በትንፋሽ አርጥቤ የፓላዲየሙን ቅጠል አኖርኩ፣ ሲደርቅ በአጌት ድንጋይ አለሰለስኩት። ከዚያ ቀዩን በሁለት ሥሥ እጅ። መደቡ ሲያበራ ቀዩ ብድግ ይላል። በጥቁሩ ላይ ሰምጠው የነበሩት ሼቭሮኖች ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ይነበባሉ። ማዕድን በማዕድን፣ ቀለም በቀለም ላይ አይደረግም ያለው ሕግ ምን ፈልጎ እንደሆነ በዚህ ቅጠል ላይ በዓይኔ አየሁት።

ዓርብ፤ ማሸግና ማስረከብ

እያንዳንዱ ቅጠል አሲድ በሌለው የጥጥ ካርቶን አቃፊ ውስጥ ገብቷል፤ የተያዘው ከላይ በሁለት የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያ ብቻ ነው። በሰማያዊና በአረንጓዴ ቅጠሎች አቃፊ ውስጥ የአልካላይን መጠባበቂያ የሌለው ወረቀት አስገብተናል። ሪሽልዬና ፉኬ ለብቻቸው በታሸገ ሣጥን ናቸው፤ ክዳኑ ላይ «ጎማ፣ ሱፍና ላስቲክ አይቅረብ» ተብሎ ተጽፏል። ዋናዎቹን አውጥተው ለእንግዳ ማሳየት ቢፈልጉ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይብለጥ ብለናል፤ የሳሎናቸው መስኮት ወደ ደቡብ ስለሆነ መጋረጃ ይዝጉ።

የሪሽልዬ ቅጠል ጀርባ ላይ ያለውን የድሮውን የእርሳስ ጽሑፍ አላጠፋነውም። ከአቃፊው ውጭ የእኛ መግለጫ አለ፦ «ዳርዣን አ ትሯ ሼቭሮን ደ ጌል (በብር ላይ ሦስት ቀይ ሼቭሮኖች)፤ ዱ ፕሌሲ ደ ሪሽልዬ። መደቡ የጠቆረ ብር ነው፤ ማስረጃው ከመካከለኛው ሼቭሮን ግራ እግር ሥር።» የማይክሮስኮፑን ፎቶ አትመን ከሥሩ አያይዘናል፤ ሁለቱ ቅጂዎችና ሣጥኖቹ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ተወስደዋል።